ከአዋላጅነት ተነስቶ ሐኪም የሚያደርሰው ትምህርት ቤት

ፓሎ በፊሊፒንስ፣ በሌይቴ ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለች ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። የጦርነት ታሪክ የሚከታተል ሰው ጄኔራል ማክአርተር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1944 ጦሩን ይዞ የወረደባት በመሆኗ ያውቃታል። ሐኪም ማሠልጠን ሥራቸው የሆነ ሰዎች ግን ስሟን የሚያነሱት በሌላ ምክንያት ነው፤ የፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ትምህርት ቤት እዚያ ይገኛል።

ትምህርት ቤቱ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ያኔ አገሪቱ ሐኪም ማስመረቅ አላቃታትም፤ ያቃታት ማቆየት ነበር። ተመራቂው ወይ ማኒላ ይቀራል፣ ወይ ሻንጣውን ሸክፎ አሜሪካ ይገባል። ከ7,000 በላይ ደሴቶች ባሉበት አገር ደግሞ ሐኪም ዋና ከተማ ከተከማቸ ምጥ የያዛት የደሴት ሴት ጀልባ ጠባቂ ሆና ትቀራለች። ዩኒቨርሲቲው ታዲያ ምሩቁን በደመወዝ ከመለመን ይልቅ ገና ከበሩ ጀመረ፦ ለመሆኑ ማን ነው መማር ያለበት?

መልሱን የሚሰጠው ባራንጋዩ ነው፤ እኛ ቀበሌ እንደምንለው ያለ የመጨረሻው የአስተዳደር እርከን። ነዋሪው የጎደለውን የጤና ባለሙያ ለይቶ ከልጆቹ አንዱን ይመርጥና ይልካል። የፈተና ውጤት እንደ ሌላው ኮሌጅ ወሳኝ አይደለም። ተመራጩም ተምሮ ተመልሶ ሊያገለግል ውል ይፈርማል። ምርጫው ለሹም ዘመድ ሊያዳላ አይችልም ብዬ አልከራከርም፤ ሰው ባለበት ሁሉ ያለ ነገር ነው። ቢሆንም ዓይን የበዛበት ምርጫ አንድ ጥቅም አለው፤ ልጁ ወዴት እንደሄደና ምን ቃል እንደገባ መንደሩ በሙሉ ያውቃል።

የትምህርቱ አወቃቀር ደግሞ ከምልመላው ይበልጥ ለየት ይላል። ሐኪም እሆናለሁ ብሎ የመጣውም ጭምር፣ ሴት ሆነ ወንድ፣ የሚጀምረው ከአዋላጅነት ነው። እሱን ጨርሶ ወደ ማኅበረሰቡ ተመልሶ ይሠራል፦ እርጉዝ ይከታተላል፣ ያዋልዳል፣ ሕፃናት ያስከትባል። ወደ ነርስነት የሚያልፈው አካባቢው ነርስ ካስፈለገው፣ እሱንም መልሶ ከደገፈው ነው። ከነርስነት በኋላም እንዲሁ ይሠራል፣ እንደገና ይደገፋል፣ ከዚያ የሕክምና ዶክተርነት ይመጣል።

እኔን ከሁሉ የማረከኝ መውጫው ነው። በተለመደው ሥርዓት አራተኛ ዓመት ላይ ሕክምናን ያቋረጠ ተማሪ ባዶ እጁን ቤቱ ይገባል፤ ዘመድ ጎረቤቱም ሲያዝንለት ይኖራል። እዚህ ግን በየትኛውም ደረጃ ላይ የቆመ ሰው ሙያ ይዞ ይቆማል። አብዛኞቹ ሐኪም እስከመሆን አይደርሱም፤ ይህንንም ትምህርት ቤቱ እንደ ኪሳራ አይቆጥረውም፣ መንደሩ የፈለገው አዋላጅ ከሆነ አዋላጁን አግኝቷልና። የዘለቀው ሐኪም በበኩሉ የአዋላጅን ሌሊትና የነርስን ድካም ከራሱ ዕድሜ ያውቀዋል፤ ጤና ጣቢያ ላይ ትእዛዝ ሲሰጥ ምን እያዘዘ እንደሆነ ይገባዋል። ዕዳው ጊዜ ነው፤ ቀጥታ ሕክምና የገባ እኩያው ቀድሞት ይመረቃል።

ቦታው ራሱ መምህር የሚሆንበት አጋጣሚም አለ። ሌይቴ ቢልሃርዚያ ሥር የሰደደባት ደሴት ናት፤ በ1944 የወረዱት የአሜሪካ ወታደሮችም በብዛት ተይዘውባታል። እኛ ዘንድ የታወቀው የቢልሃርዚያ ዝርያ በዋናነት የሚመላለሰው በሰውና በቀንድ አውጣ መካከል ሲሆን፣ የሌይቴው ግን ጎሽንም ውሻንም አይጥንም ይይዛል። ሩዝ ማሳ የሚያርሰው የቤት ጎሽ በረግረጉ ውስጥ ይጸዳዳል፣ እንቁላሉ ከቀንድ አውጣው ይገናኛል፣ ገበሬው ባዶ እግሩን ይገባበታል። ለበሽተኛው ፕራዚኳንቴል መስጠት ቀላል ነው፤ በሚቀጥለው የዘር ወቅት ግን ያው ሰው እዚያው ውኃ ውስጥ ይቆማል። ከማሳው አጠገብ ያደገ ተማሪ ይህን ማንም እንዲያስረዳው አይጠብቅም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ጎንደርን ሳያስታውስ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያን የጨረሰው የወባ ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ፣ በ1954 የተከፈተው የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን እያደረገ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ያሰማራ ነበር። ጎንደር ሦስት ሙያዎችን ጎን ለጎን አሰለፈ፤ ፓሎ ሙያዎቹን በአንድ ሰው ላይ ደራረበ። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብባል ለቡድኑ አደላለሁ፣ ሥራው ቶሎ ይጀመራልና፤ ሰውን ቦታው ላይ በማቆየት ግን የፓሎ መንገድ ይበልጥብኛል።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 2013 ሃያን የተባለው አውሎ ነፋስ ባሕሩን ገፍቶ አጎራባቾቹ ታክሎባንና ፓሎ ላይ ደፋው። በአገሪቱ ከ6,000 በላይ ሰው ሞተ፤ የትምህርት ቤቱም ግቢ ክፉኛ ተጎዳ። ትምህርቱ ግን ቀድሞውንም በአንድ ግቢ ብቻ የሚሰጥ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ቅርንጫፎች ተከፍተው ነበር፦ አንዱ በሉዞን ደሴት፣ ፊቷን ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ባዞረችው ባሌር፤ ሁለተኛው በደቡብ፣ ሚንዳናው ላይ ባለችው ኮሮናዳል። ኮሮናዳል ባሕር የላትም፤ ተማሪዎቿም እንደ ፓሎዎቹ የሚጀምሩት ከአዋላጅነት ነው።