ሙሉ ጨረቃና የሚንሳፈፈው ቂም

አንባቢ ሆይ፤ ባለፈው ወር አለቃዎ በሰው ፊት የተናገሩዎት ቃል እስከ ዛሬ ከእንቅልፍዎ ይቀሰቅስዎታልን? እንግዲያስ ለአንድ ምሽት ከእኔ ጋር ወደ ታይላንድ ይሻገሩ።

በዚያ አገር በጨረቃ አቆጣጠር 12ኛው ወር ላይ፥ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር፥ ጨረቃ በምትሞላበት ሌሊት ሎይ ክራቶንግ የሚባል በዓል ይከበራል። «ሎይ» ማንሳፈፍ ማለት ነው፤ «ክራቶንግ» ደግሞ በውኃ ላይ የምትሄደው ትንሽ ዕቃ ናት። ዝናቡ አብቅቶ ወንዙ ሞልቶ ስለሚገኝ ጊዜው የተመቸ ነው። ሰዉ የሙዝ ግንድ ክብ አድርጎ ይቆርጥና ዙሪያውን በቅጠሉ አስጊጦ አበባ፥ ዕጣንና ሻማ ይሰካበታል። አንዳንዱ ሳንቲም ይጨምራል። ሌላው ግን ከጠጕሩና ከጥፍሩ ቆርጦ ያኖርበታል፤ ይኸውም አሮጌው ጠባዬ ተለይቶኝ ይሂድ ማለቱ ነው።

ሻማው እንደ በራ ወዲያው አይለቁትም። በወንዙ ዳር ተንበርክከው፥ ክራቶንጉን በሁለት እጃቸው እስከ ግንባራቸው ከፍ አድርገው ጥቂት ዝም ይላሉ። «የውኃ እናት» የሚሏትን ስላቆሸሽንሽ ይቅር በዪን ይሏታል፤ እያንዳንዱም የሚተወውን ነገር በልቡ ያስባል። የቡድሃ ተከታዮች ሙሉ ጨረቃ የወጣችበትን ቀን ሁሉ የጸሎትና የተመስጦ ቀን አድርገው ስለሚይዙት፥ ይህ ዝምታ ለእነርሱ እንግዳ አይደለም። በእኔ አስተያየት የበዓሉ ፍሬ ነገር እርሱ ነው። ጨረቃዋማ ቀጠሮ ናት፤ ቀጠሮ የሌለው ሰው ቂሙን ነገ እተዋለሁ እያለ ያረጃል። ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለምን?

የማግሥቱ ነገር ግን ሌላ ነው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በባንኮክ ከተማ ብቻ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ከ600,000 በላይ ክራቶንግ ከውኃ ለቅመዋል። ከፎም የተሠራው አይበሰብስም። ከዳቦ የተሠራውን ዓሣ ይበላዋል ቢባልም፥ ሲበዛ ውኃውን ያበላሻል። አይ የሰው ነገር! ይቅርታ የተጠየቀችው እናት በዚያው ሌሊት እንደገና ትቆሽሻለች።

ስለዚህ እርስዎ በሚመጣው ሙሉ ጨረቃ ለመሞከር ቢያስቡ ወንዝም ሻማም አያስፈልግዎትም። ስልክዎን ዘግተው ደጃፍዎ ላይ ይቀመጡ፤ እስትንፋስዎ እስኪረጋ ይጠብቁ። ከዚያ የበደለዎትን ሰው በስሙ ጠርተው፥ ያደረገብዎትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይናገሩ። ሁለተኛውን እንዳይጀምሩ ይጠንቀቁ፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስቀምጥዎት እርሱ ነው። ጧት ቢሮ ሲገቡም አለቃዎን እንደ ወትሮው እጅ ነሥተው፥ እንደምን አደሩ ይበሏቸው።