ወሩ የገፋ ጽንስ ሲቋረጥ፦ መዝገቡ ምን ይነግረናል?

በሀገራችን በዓመት ስንት ጽንስ ይቋረጣል? ወሩ ከገፋ በኋላ የሚቋረጠውስ ስንቱ ነው? ብዙ ወላጅ ይህን መጠየቅ ያፍራል። እኛ ግን ማወቁ ይበጃል እንላለን።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። እንደ የካ አባዶ ባለ ሰፈር በሚገኝ ጤና ጣቢያ አገልግሎቱ ሲሰጥ በመዝገብ ይሰፍራል፤ በየወሩም ተደምሮ ወደ በላይ አካል ይላካል። በስውር የተደረገው ግን ከመዝገቡ የለም። ስለዚህ አጥኚዎች ችግር ደርሶባቸው ለሕክምና የሚመጡትን ሴቶች ቆጥረው የቀረውን ይገምታሉ። ጉትማቸር ኢንስቲትዩትና ኢፓስ በተሳተፉበት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከ1000 ሴቶች 22 የነበረው በ2014 ወደ 28 ከፍ ብሏል፤ በአዲስ አበባ 92 ነበር። በ2014 በመላ ሀገሪቱ ከተገመተው 620,000 ያህል ውስጥ በጤና ተቋም የተፈጸመው 53 በመቶው ብቻ ነው።

«የገፋ» የሚባለው መቼ ነው?

ሐኪሞች የእርግዝናን ዕድሜ የሚቆጥሩት ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። ከ12 ሳምንት በኋላ ያለውን ሁለተኛው ሦስት ወር ይሉታል። ዑለማዎች ግን ሩሕ የሚነፋበትን 120ኛ ቀን ይመለከታሉ፤ ይህም በሐኪሞች አቆጣጠር ወደ 19 ሳምንት ይጠጋል። ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ መዝሀቦች ይለያያሉ። ከዚያ በኋላ ግን የእናቲቱ ሕይወት ለአደጋ ካልተጋለጠ በቀር ሐራም መሆኑን ይስማሙበታል። እንግዲህ የ14ና የ24 ሳምንቱ በአንድ ላይ ከተደመሩ፣ ቁጥሩ ለኛ ጥያቄ መልስ አይሆንም። በእንግሊዝና ዌልስ ግን በሳምንት ተለይቶ ይታተማል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ214,000 በላይ ከሆነው ውስጥ 24 ሳምንትና ከዚያ በላይ የነበረው 276 ነው።

ለምን ይዘገያል?

አንዳንዷ እርጉዝ መሆኗን ሳታውቅ፣ ሌላዋ ገንዘብ አጥታ፣ ብዙዋ ደግሞ ቤተሰቧን ፈርታ ቀኑ ይነጉድባታል። ሳምንት በጨመረ ቁጥር በእናቲቱ ላይ የሚደርሰው አደጋም ይጨምራል። መዝገቡ ሳምንቱን እንጂ ፍርሃቷን አይጽፍም።

እናትና አባት ሆይ! ልጃችሁ ከዝሙት እንድትርቅ ማስተማር ግዴታችሁ ነው። ችግር ቢገጥማት ግን ቀድማ ወደ እናንተ እንጂ ወደ ስውር ቤት እንዳትሄድ በራችሁንና ጆሯችሁን ክፈቱላት። ሐኪምንም ዓሊምንም በጊዜ ጠይቁ። ወላሁ አዕለም።