ጸጉራም ውሻና ሚዶ

የጉንደ ወይን ከተማም እንደ ሌላው የጎጃም ደጋ ነው፤ አጥር ባለበት ውሻ አለ። ትራፊ ይጣልለታል፣ ሌሊት ሲጮህ ያድራል። ውሻን ማበጠር ግን ብዙዎቻችን ቅንጦት ይመስለናል። በእኔ እምነት በግቢያችን እንደ ሚዶ የተናቀ መሣሪያ የለም።

አሠራሩ ቀላል ነው፦ ጸጉሩ ደርቆ ሳለ ከአንገት ወደ ጭራ፣ ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ማበጠር። ከጆሮው ኋላና ከጭኑ መሐል የተቋጠረውን አስቀድሞ በጣት መፍታት። ጸጉሩ እንደ ሽቦ የሚሻክር ውሻ ካላችሁ ግን መቀስ አታንሱበት። የእንዲህ ዓይነቱ ውሻ ያለቀለት ጸጉር በቀላሉ አይረግፍም። እንግሊዞችና ጀርመኖች ለአደን ያረቧቸውን ሻካራ ጸጉር ውሾች በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እየነቀሉ ያጸዷቸዋል። ጊዜው የደረሰው ጸጉር ሥሩ የላላ ስለሆነ ጥቂት ጥቂት እየተያዘ ይወጣል። በመቀስ የተቆረጠ እንደሆነ ጸጉሩ እየለሰለሰ፣ ቀለሙም እየደበዘዘ ይሄዳል።

የሚዶ ትልቁ ጥቅም ግን ለቁንጫ ነው። ውሻው ሲያክ ያየ ሁሉ ጠላቱ ያለው ውሻው ላይ ብቻ ይመስለዋል። ከዚያ ነጭ ጋዝ ይመጣል፤ ሲብስም ለሰብል የተገዛ ፀረ ተባይ። አንዲት ጎረቤታችን መከታ የሚሉትን ውሻቸውን ጋዝ ቀብተውት ጀርባው ተላልጦ፣ ገላውን ልሶም ሲያስመልሰው አይቻለሁ። «እትዬ፣ ምነው?» ብላቸው፣ «ቁንጫው ይሙት ብዬ እኮ ነው ልጄ» አሉኝ። ብዙም ሳይቆይ መከታ እንደገና ማከክ ጀመረ።

ቢጀምርም አይገርምም። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ 50 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ልሙጥ ስለሆነ ጸጉር ላይ አይጣበቅም፤ ውሻው በተኛበትና ገላውን ባራገፈበት ሁሉ ይረግፋል። እጩ የሚያድገው መኝታው ሥር ባለው አቧራ ውስጥ ነው። ከዚያም ድር ሠርቶ ይጠቀለላል፤ በዚያ ውስጥ እያለ መድኃኒት እምብዛም አይደፍረውም። ሙቀትና ንቅናቄ እስኪሰማው ድረስ ወራት ሊጠብቅ ይችላል። ስለዚህ ጦርነቱ ሁለት ግንባር አለው፤ ውሻውን በሚዶ፣ መኝታውን በመጥረጊያ። የተነጠፈለትን ድርቆሽ አውጥታችሁ አቃጥሉ፣ የሚተኛበትን ጆንያ በፈላ ውሃ እጠቡና ፀሐይ ላይ አስጡ፣ ወለሉን እስከ ጥጋጥጉ ጥረጉ።

ቁንጫ መኖሩን ለማረጋገጥ ጥርሱ የጠበቀ ሚዶ ከጭራው ሥር አሳልፉና የወጣውን ጥቁር ብናኝ በረጠበ ነጭ ጨርቅ ላይ አራግፉት። አፈር ከሆነ እንደ ጠቆረ ይቀራል። ዙሪያው ቀይ ቡናማ ሆኖ ከተሰራጨ ግን የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙ ከውሻው የተመጠጠው ደም ነው። የተያዘውን ቁንጫ ሳሙና ባለበት ውሃ ውስጥ ጣሉት።

መዥገር ከተገኘ ደግሞ በእሳት አትለብልቡት፣ በጣትም አታፍርጡት፤ በወረንጦ ቆዳው ድረስ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት።

ውሻችሁን ስታበጥሩ ቁስሉንም፣ እብጠቱንም፣ ክሳቱንም ቀድማችሁ ታያላችሁ። የእብድ ውሻ በሽታን ግን ሚዶ አይከላከለውም፤ ሳትዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ወስዳችሁ አስከትቡት።