በካርቱም ሁለት «ሐበሽ» መባል

ከአገሩ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ስለ ቆዳው ቀለም ብዙ አያስብም። በጎንደርም ሆነ በአሥመራ ራሱን የሚያውቀው በአባቱ ስም፣ በሃይማኖቱ፣ በአውራጃውና በሥራው ነው። ካርቱም የገባ ዕለት ግን ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ይተካል። ወንድ ቢሆን «ሐበሺ»፣ ሴት ብትሆን «ሐበሺያ»፣ ብዙ ሲሆኑ «ሐበሽ» ይባላሉ። የትግሬ፣ የአማራ፣ የኦሮሞ፣ የኤርትራ ሰው ነው ብሎ የሚለይ የለም።

ቃሉ በራሱ ስድብ አይደለም። እንዲያውም በእስላም መጻሕፍት ዘንድ ክብር አለው፤ በ615 ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው የተጠጉት ከሐበሻው ንጉሥ ዘንድ መሆኑን፣ የመጀመሪያው አዛን አድራጊ ቢላልም ሐበሺ መባሉን ማንኛውም ሱዳናዊ ተማሪ ያውቃል። ስለዚህ እንግዳውን የሚያስከፋው ስሙ ሳይሆን ስሙን ተከትሎ የሚመጣው ግምት ነው።

ካርቱም ሁለት ከመካከለኛው ከተማ በስተደቡብ የሚገኝ፣ ሰፋፊ ቅጥር ያላቸው ቤቶች የተሠሩበት የባለ ሀብቶችና የሹማምንት ሰፈር ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ሱዳንን ሲገዛ የከተማውን መሬት አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ብሎ ከፋፍሎ ነበር፤ ከነዚህ በታች ደግሞ «ዴም» የሚባሉት የሠራተኛና የነጻ ወጪ ባሮች መንደሮች ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማው ወደ ደቡብ ሲሰፋ የዴሞቹ ነዋሪዎች ተነሥተው ራቅ ወዳለ ስፍራ ተዛወሩ። ኋላ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡት ስደተኞች በብዛት የሰፈሩት በዚሁ በአዲሱ ዴም ነው። ጦርነቱ በ2023 እስኪነሣ ድረስ ብዙዎች በየማለዳው ከዴም ወደ ካርቱም ሁለት እየመጡ በዘበኝነት፣ በወጥ ቤት፣ በልጅ አሳዳጊነት፣ በሻይ ሻጭነት ይሠሩ ነበር። በካርታው ላይ ያለው ርቀት እጅግ አጭር ነው፤ ማታ ከዚያው ሰፈር ቤት ተከራይቶ ማደር ግን ሌላ ነገር ነበር።

ቤት ሊከራይ የሄደ ሐበሻ የሚጠየቀው የታወቀ ነው። «ስንት ናችሁ? ያገባችሁ ናችሁ? ማታ ማን ይመጣል?» ይባላል። ሱዳናዊው ተከራይ ስለ ደመወዙ ሲጠየቅ፣ ሐበሻው ስለ ጠባዩ ይጠየቃል። መልሱ አጥጋቢ ቢሆን እንኳ ኪራዩ ከፍ ይላል፤ ቅድሚያ ክፍያውም የብዙ ወር ይሆናል። አከራዩ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ምናልባት ሰላምታው ረዥም፣ ሻዩ የማያልቅ፣ እንግዳ አክባሪ ሰው ነው። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ስድብ ቢሆን ኖሮ መልስ ይሰጠው ነበር፤ ለፈገግታ ግን ምን መልስ አለው?

ከሁሉ የከፋው ግምት የሚወድቀው በሴቶች ላይ ነው። በየጥላው ሥር በትንሽ በርጩማ ተቀምጣ ሻይና ቡና የምትሸጥ ሴት በካርቱም «ሲት አሻይ» ትባላለች፤ አብዛኞቹ በጦርነት ከኮርዶፋንና ከዳርፉር የተፈናቀሉ ሱዳናውያን ናቸው፤ ከመካከላቸው ሐበሾች ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች አንድ ዓይነት ሻይ በአንድ ዓይነት ብርጭቆ ቢሸጡም፣ በሐበሻይቱ ዘንድ የተቀመጠው ደንበኛ ከሻዩ ሌላ የሚሸጥ ነገር አለ ብሎ መገመቱ የተለመደ ነበር። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራውም ብትሆን፣ ባለጉዳይም፣ ተማሪም ብትሆን፣ መንገድ ላይ መኪና አቁሞ ዋጋ የሚጠይቃት አይጠፋም። ስለዚህ ከቆዩት ሴቶች አንዷ አዲስ ለመጣችው የምትሰጣት የመጀመሪያ ምክር ስለ ሥራ አይደለም፤ «ልጄ፣ ነጠላሽን ትተሽ ጦብ ልበሺ፤ በመንገድም በአማርኛ አትነጋገሪ» የሚል ነው። ጦብ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱት ረዥም መጐናጸፊያ ነው። ክብርን ለመጠበቅ የራስን ልብስና ቋንቋ መደበቅ!

ይህ ግምት በመንገድ ብቻ አልቀረም፤ ሕግም አግዞት ነበር። በ1991 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ መጠጥ ሠርቶ መሸጥንና «ጨዋነት የጐደለው» አለባበስን ያስቀጣ ነበር፤ ለአለባበሱ ጥፋት እስከ 40 ጅራፍ ተደንግጓል። በ1996 ደግሞ የካርቱም ክፍለ ግዛት የሕዝብ ሥርዓት ሕግ ተጨመረ። ፖሊሶች በድንገት ሰፈር ከበው ሰው የሚሰበስቡበትን ዘመቻ ሕዝቡ «ከሻ» ይለዋል። ከሻ በመጣ ጊዜ «ኢቃማ» የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ያለውም የሌለውም ሮጦ መደበቁ ያስገርማል፤ ወረቀቱን አሳይቶ እስኪያስረዳ ድረስ የሥራ ቀኑ ያልፋል፣ ኪሱም ይራቈታል። የሕዝብ ሥርዓቱ ሕግ በኅዳር 2019 ተሽሯል፤ በሐምሌ 2020ም እስላም ላልሆኑ ሰዎች መጠጥ ተፈቅዷል። የአከራዩን ጥያቄ ግን የሚሽር ሕግ አልወጣም፤ ቀድሞውንም በሕግ የተጻፈ አልነበረምና።

የአሥመራ ሰው ይህን ልዩነት በሚገባ ይረዳዋል። የኢጣልያ መንግሥት በሚያዝያ 1937 ባወጣው ቍጥር 880 ድንጋጌ ኢጣልያዊ ከአገር ተወላጅ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት እስራት እንደሚቀጣ ወስኖ ነበር። ሰፈሩም ተለይቶ፣ የአገሩ ልጅ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ተደርጎ ነበር። ያ ክፉ ሕግ ቍጥርና ቀን ነበረው፤ ሰው ጠላቱን በስሙ ያውቀው ነበር። በካርቱም ሁለት ግን «ለሐበሻ ቤት አይከራይ» የሚል ወረቀት ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

ሱዳናውያን ስለ ቀለም ሲነጋገሩ «አሕመር» ቀይ፣ «አስመር» ጠይም፣ «አኽደር» አረንጓዴ፣ «አዝረቅ» ሰማያዊ የሚሉ ቃላት አሏቸው፤ የመጨረሻው እጅግ ለጠቈረ ሰው ነው። በዚህ መሰላል ላይ ሐበሻው ከላይ አካባቢ ይቀመጣል። መልኩ ይመሰገናል፤ ጸጕሩ ይመሰገናል፤ ዘፈኑም ይወደዳል፤ የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ በካርቱም፣ የመሐመድ ወርዲም በአዲስ አበባ እንደ አገር ልጅ ይደመጥ ነበር። በመሰላሉ ግርጌ የሚቀመጡት ግን ከደቡብ፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር የመጡት ናቸው፤ እነርሱን በቁጣ ጊዜ «ዐብድ» ማለትም ባሪያ ብሎ መስደብ ተሰምቶ የማያልቅ ነገር ነው። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2011 ነጻ በወጣች ጊዜ በካርቱም ተወልደው ያደጉ ደቡቦች በአንድ ጀምበር የውጭ አገር ሰዎች ሆነዋል።

ታዲያ ሐበሻው የሚቈጣው ስለ ምንድን ነው? እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ ቁጣው መሰላሉ ስለ ተተከለ ሳይሆን ከርሱ በታች ካሉት ጋር ስለ ተቈጠረ ነው። «እኔን ከጥቁር ጋር?» የሚል ሐበሻ በካርቱም ሻይ ቤት ሞልቶ ነበር። ይህን ያስተማረው ሱዳን አይደለም። አማርኛችንም «ቀይ»፣ «ቀይ ዳማ»፣ «ጠይም»፣ «ጥቁር» ብሎ የሚቈጥር የራሱ መሰላል አለው፤ ሙሽራ ሲመረጥ ይቈጠራል። የአሶሳንና የጋምቤላን ሰው «ሻንቅላ» ማለት፣ ከዚያም ብሶ «ባሪያ» ማለት ከገበያ እስከ ችሎት የተለመደ ነበር። የባሪያ ንግድና ባርነት በኢትዮጵያ በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው በነሐሴ 1942 ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ በኩል ካርቱም የገባ ሰው በጕዞው ላይ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ብቻ አልፎ፣ በአገሩ ሰጪ የነበረበትን ነገር ተቀባይ ይሆናል።

ሱዳናዊውም ቢሆን ወደ ሰሜን ሲሻገር ይኸው ይገጥመዋል። በካይሮ አውራ ጎዳና «አሕመር» የተባለው የካርቱም ልጅ ጥቁር ነው። በታኅሣሥ 30 ቀን 2005 የግብፅ ፖሊሶች በሙስጠፋ ማሕሙድ አደባባይ የሰፈሩትን ሱዳናውያን ስደተኞች በኃይል ሲበትኑ ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። ሐበሻውም ቀይ ባሕርን ሲሻገር ከዚህ ያነሰ አልገጠመውም፤ በኅዳር 2013 በሳውዲ ዐረቢያ ከተጀመረው ዘመቻ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

ለሱዳን ሕዝብ ግን የሚገባውን መንፈግ ነውር ነው። በ1940 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ አገራቸው ለመግባት የተዘጋጁት በካርቱም ሆነው ነው። ከ1967 ጀምሮ ከኤርትራ፣ በ1984ቱ ረኃብ ከትግራይና ከወሎ፣ በኅዳር 2020 ደግሞ እንደ ገና ከትግራይ የተሰደደውን ሕዝብ ድኻው የገዳሪፍ ገበሬ ከእንጀራው ከፍሎ ተቀብሏል። የኡም ራኩባ ሰፈር በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል። የተቀበለው ገበሬና ከካርቱም ሁለት በር ላይ የሚጠይቀው አከራይ አንድ ሰው ናቸው ማለት አይቻልም።

ነጋዴዎች ሌላም ነገር ታዝበዋል። ቡና ወይም ቅመም ጭኖ፣ ፈቃዱንና የባንክ ወረቀቱን ይዞ የገባ ሐበሻ «ያ ኡስታዝ» ይባላል እንጂ «ያ ሐበሺ» አይባልም። ያው ሰው ንግዱ ከስሮ በእግሩ መሄድ ሲጀምር የቀድሞው ስም ይመለስለታል። ቆዳው ግን አልተለወጠም።

በሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ሲነሣ የካርቱም መካከለኛ ሰፈሮች ባዶ ሆኑ፤ ቤቶቹ ተዘረፉ። ሠራዊቱ ዋና ከተማውን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2025 ነው። በመተማ በኩል አያሌ ሱዳናውያን ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ በአማራ ክልል በኩመርና በአውላላ ሰፈሮች የተቀመጡትም ዝርፊያና ጥቃት ስለ በዛባቸው፣ በግንቦት 2024 አንድ ሺህ ያህሉ ከአውላላ በእግራቸው ወጥተው አቤቱታቸውን አሰምተዋል። አቅም ያላቸው አዲስ አበባ ዘልቀው ቤት መፈለግ ያዙ።

በዚህም ጊዜ በአከራይና በተከራይ መካከል አስተርጓሚ የሚሆነው አንዳንዴ ያው ከካርቱም የተመለሰ ሐበሻ ነው። ባለቤቲቱ ከበሩ ላይ ቆመው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ በአማርኛ ይጠይቃሉ፤ «ስንት ናቸው? ያገቡ ናቸው? ማታስ ማን ይመጣባቸዋል?» ተመላሹ ጥያቄውን ወደ ዐረብኛ ለመመለስ ቃል አይቸግረውም፤ ቃል በቃል ያውቀዋል።