«አንተስ ምን አደረግህ?» ስለ ቡድን ሥራ ለሚቀርብ የቃለ መጠይቅ ጥያቄ መዘጋጀት

ሥራ ፈላጊ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው በሙያው ነው። ከጠያቂዎቹ አንዱ «ከሰዎች ጋር በቡድን የሠራኸውን አንድ ሥራ ንገረን» ሲለው ግን «በቡድን መሥራት ደስ ይለኛል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?» ብሎ ዝም ይላል። ተረቱ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ጠያቂዎቹ ከእርሱ በፊት ከገቡትም ሳይሰሙት አልቀሩም።

ይህ ዓይነቱ አጠያየቅ ሰው ከዚህ በፊት ያደረገው ነገር ወደፊት የሚያደርገውን ያመለክታል በሚል አሳብ ላይ የተመሠረተ ነው። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ ተስፋፍቶ ዛሬ በብዙ ድርጅቶች ይሠራበታል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ሠራተኞቹን ሲመርጥ በዚህ መንገድ ይጠይቃል። ስለሆነም ጠያቂው የሚፈልገው አስተያየታችሁን ሳይሆን በእርግጥ የሆነውን ነገር ነው፤ ሁኔታው ምን ነበር፣ የእናንተ ድርሻ ምን ነበር፣ ምን አደረጋችሁ፣ ውጤቱስ ምን ሆነ? ይህን ሁሉ በሁለት ደቂቃ ያህል ተናገሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን «ምን አደረጋችሁ» ለሚለው ስጡት።

ብዙዎቻችን የምንሰናከለውም እዚሁ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተመራቂ ወንድም ለቃለ መጠይቅ ሊቀርብ ሲል አብረን ተለማመድን። የመመረቂያ ጥናቱን ከአራት ጓደኞቹ ጋር የሠራ ነው። «ርዕስ መረጥን፣ መረጃ ሰበሰብን፣ አቀረብን» አለኝ። «አንተስ ምን አደረግህ?» ብለው አንገቱን ደፋ። «እኔ፣ እኔ ማለት ትዕቢት ይመስለኛል» አለ። ቀስ በቀስ ሲያወራ ግን ከአምስቱ ሁለቱ ጠፍተውበት እንደ ነበር፣ ሄዶ ሲያነጋግራቸው አንደኛው ቀን ቀን ተቀጥሮ እንደሚሠራ እንዳወቀ፣ ከዚያም ሥራው እንደገና እንዲከፋፈልና ስብሰባው ማታ እንዲሆን እንዳደረገ ነገረኝ። ይህን ሁሉ ትሕትና መስሎት ሊደብቀው ነበር! ወገኖቼ፣ የሠሩትን ሥራ ሲጠየቁ መናገር ትዕቢት አይደለም። ውጤቱን «አገኘን» በሉ፤ የራሳችሁን ድርሻ ግን «አደረግሁ» በሉ።

በአንጻሩ አንዱ ሠርቶ አራቱ ስማቸውን ብቻ የሚያስገቡበት የቡድን ሥራ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ስማችሁ ብቻ የገባበት ከሆነ ያንን ታሪክ ተዉት። «ያልተስማማው ማን ነበር? ለምን?» የሚል ተከታይ ጥያቄ ሲመጣ መግቢያ ይጠፋችኋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሸት ነው።

«ከሥራ ባልደረባ ጋር ተጋጭታችሁ ታውቃላችሁ?» ለሚለውም «በጭራሽ!» የሚል መልስ የሚያምን ጠያቂ ጥቂት ነው። ያልተስማማችሁበትን ጉዳይ ተናገሩ እንጂ ሰውየውን አትሙት፤ ስሙንም አታንሱ። ቀድማችሁ ሄዳችሁ አነጋግራችሁት ከሆነ ያንን ግለጹ፤ ጥፋቱ የእናንተ ከነበረም ምን እንዳስተካከላችሁ ንገሯቸው።

የሥራ ልምድ የለኝም የምትሉ፣ የሠርግ ኮሚቴ ውስጥ አልነበራችሁምን? ለቅዳሜ ሠርግ ድንኳኑ ዓርብ ማታ ሳይመጣ ሲቀር ማን ስልክ ደወለ? ማንስ ከእድር ለመነ? በመዘምራን ቡድን ያገለገላችሁም የልምምድ ሰዓት አላከብር ካለ ሰው ጋር እንዴት እንደ ተግባባችሁ ታውቃላችሁ። ይህ ሁሉ በቡድን መሥራት ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሁለት ወይም ሦስት እውነተኛ ታሪኮችን በአጭሩ በወረቀት ላይ ጻፉ። ቃል በቃል ግን አትሸምድዱ፤ አንዱ ቃል ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ለጓደኛ ወይም ለእኅት ድምፃችሁን አውጥታችሁ ተናገሩና «አንተስ ምን አደረግህ?» እያሉ ያቋርጧችሁ። ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ የሚሆን ከሆነ ደግሞ ልምምዱም በእንግሊዝኛ ይሁን፤ በአማርኛ የተጣላነውንና የታረቅነውን ነገር እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ መተርጎም እጅግ ያስቸግራልና።