የሙዝን ነቀዝ በመዓዛ ወጥመድ ስለ መመርመር

የሙዝ ነቀዝ ጥቁርና አፈ ረጅም፥ ቁመቱም ከ1 ሳንቲሜትር ጥቂት የሚበልጥ ተባይ ነው። ቀን ተሸሽጎ ይውላል፤ ሌሊት ይሄዳል። ሴቲቱ እንቁላሏን ከተክሉ ግርጌ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለውም ትል ከመሬት በታች ያለውን ወፍራም ሥር እየቦረቦረ ይበላዋል። ተክሉም ቅጠሉ ለምለም መስሎ ሳለ ነፋስ በነፈሰ ጊዜ ፍሬውን እንደ ተሸከመ ይወድቃል። ስለዚህ የተባዩን መኖር አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ወንዱ ነቀዝ ወንዱንም ሴቲቱንም የሚጠራ መዓዛ ያወጣል። የመዓዛው ዋና ንጥረ ነገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. በሊቃውንት ታውቆ ሶርዲዲን ተብሏል፤ ዛሬም በፋብሪካ ተሠርቶ ይሸጣል።

ነቀዙ በእግሩ የሚሄድ እንጂ እምብዛም የማይበር ስለ ሆነ ወጥመዱ በመሬት ይቀበራል። ጉድጓድ ተቆፍሮ ባልዲ ይገባበታል፤ አፉም ከመሬቱ ጋር ይተካከላል፤ ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ ይጨመርበትና መዓዛው ከበላዩ ይንጠለጠላል።

ነገር ግን በወጥመዱ የተያዘው ቍጥር በእርሻው ያለውን ነቀዝ ሁሉ አያስታውቅም። በአንዱ ቀበሌ መዓዛው አዲስ፥ በሌላው ያረጀ ቢሆን፥ ወይም አንዱ በሳምንት፥ ሌላው በወር ቢቆጥር፥ የሁለቱን ቍጥር ማስተያየት አይቻልም። ስለዚህ የወረዳው ሹም ወጥመዱ የተቀበረበትንና የተቆጠረበትን ቀን፥ የመዓዛውንም ዕድሜ ከቍጥሩ ጋር ያስጽፍ። ባዶ የተገኘውም ወጥመድ ሳይመረመር የቀረ እንዳይመስል ይመዝገብ። ደግሞም ፍሬው ከተቆረጠለት ተክል ሥሩን ሰንጥቆ የትሉን መንገድ መመልከት ይገባል፤ የጉዳቱን መጠን የሚመሰክረው ይህ ነውና።