በሁለት ክፍፍሎች መካከል፦ ሕዋስ እንዴት ያድጋል፣ እንዴትስ ይዘጋጃል?



ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል በማይክሮስኮፕ መመልከት እጅግ ይማርካል። ክሮሞሶሞች ይጠቀለላሉ፣ በመካከል ይሰለፋሉ፣ ከዚያም ወደ ሁለቱ ዋልታዎች ይሳባሉ። የቀደሙት ተመራማሪዎችም ዓይናቸውን የጣሉት በዚህ ትዕይንት ላይ ነበር፤ በሁለት ክፍፍሎች መካከል ያለውን ረጅም ጊዜ ግን «የዕረፍት ጊዜ» ብለው አለፉት። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ይህ ስያሜ ስሕተት እንደነበረ ማስረዳት ነው። የሕዋሱ ዕጣ የሚወሰነው በአብዛኛው በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነውና።

ስሕተቱን ያረመው ሙከራ የተሠራው ሁላችንም በምናውቀው ባቄላ ላይ ነው። አልማ ሃዋርድና ስቲቨን ፔልክ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት የባቄላ ሥሮችን ራዲዮአክቲቭ ፎስፈረስ ባለበት ውሃ ውስጥ አሳደጉ። ዲኤንኤ ያለ ፎስፈረስ አይሠራም፤ ስለዚህ ዲኤንኤውን የሚያባዛ ሕዋስ ሁሉ በፎቶግራፍ ፊልም ላይ ምልክት ይተዋል። ምልክቱም ዲኤንኤ የሚባዛው ክፍፍሉ ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ «በዕረፍቱ» መካከል ባለ የተወሰነ ጊዜ ብቻ መሆኑን አሳየ። ይህ ጊዜ «ኤስ» ተባለ፤ ከእርሱ በፊት ያለው ክፍተት «ጂ-1»፣ ከኋላው ያለው ደግሞ «ጂ-2» ተባለ። በቤተ ሙከራ በሚያድግ የሰው ሕዋስ ዑደቱ 24 ሰዓት ያህል ቢወስድ፣ ጂ-1 ወደ 11፣ ኤስ ወደ 8፣ ጂ-2 ወደ 4 ሰዓት ይይዛል። ለክፍፍሉ የሚቀረው አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

በጂ-1 ሕዋሱ ያድጋል፤ ፕሮቲን ያመርታል፣ ራይቦዞሞቹንና ሌሎች የውስጥ ክፍሎቹን ያበዛል። ከሁሉም በላይ ግን ይመዝናል፦ ምግብ በቂ ነው? መጠኔ ደርሷል? ከአካባቢዬ የዕድገት መልእክት መጥቷል? መልሱ «የለም» ከሆነ ከዑደቱ ወጥቶ ይቆያል። አብዛኞቹ የነርቭ ሕዋሳት እንዲህ ዕድሜ ልክ ሳይከፈሉ ይኖራሉ፤ የጉበት ሕዋሳት ግን ጉዳት ሲደርስ ወደ ዑደቱ ሊመለሱ ይችላሉ።

በኤስ ደረጃ ከስድስት ቢሊዮን በላይ የሆኑ የዲኤንኤ ጥንድ ፊደላት በብዙ ሺህ መነሻ ቦታዎች ተጀምሮ ይገለበጣሉ። ሥራው ካለቀ በኋላ 46ቱ ክሮሞሶሞች እያንዳንዳቸው ሁለት ተመሳሳይ ክሮች ይኖሯቸዋል። በጂ-2 ደግሞ ሕዋሱ ቅጂው መሟላቱን ይመረምራል፣ የተሰበረውን ይጠግናል፣ ለክፍፍሉ የሚያስፈልጉ ፕሮቲኖችን ያከማቻል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶች ብሂል ሕዋስ ውስጥም ይሠራል ማለት ነው።

ይህን ቅደም ተከተል የሚያስጠብቀው ምንድን ነው? ሊላንድ ሃርትዌል በዳቦ እርሾ፣ ፖል ነርስ በሌላ የእርሾ ዝርያ፣ ቲም ሃንት በባሕር ጃርት እንቁላል ላይ ባደረጉት ምርምር እ.ኤ.አ. የ2001ን የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ሳይክሊን የተባሉ ፕሮቲኖች በየደረጃው ይከማቻሉ፤ ኪናዝ ከተባሉ ኢንዛይሞች ጋር ተጣምረው ቀጣዩን ምዕራፍ ያስጀምራሉ፤ ተግባራቸው ሲያበቃም ይፈርሳሉ። ከዚህ ጎን ለጎን የፍተሻ ጣቢያዎች አሉ። ዲኤንኤ ሲጎዳ ፒ-53 የተባለው ፕሮቲን ጉዞውን ያስቆማል፤ ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነ ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ሊያደርግ ይችላል።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ወደ እያንዳንዳችን ቤት ይገባል። ካንሰርን በተለምዶ «ቶሎ ቶሎ የሚከፈል ሕዋስ» እንለዋለን። ነገር ግን የቆዳችንና የአንጀታችን ጤነኛ ሕዋሳትም ቶሎ ይከፈላሉ። የካንሰር ሕዋስ ዋና ጉድለቱ መቆም ሲገባው አለመቆሙ ነው፤ ከሰው ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ የፒ-53 ዘረ መል የተበላሸባቸው መሆኑም ይህን ያመለክታል። ብዙዎቹ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ዲኤንኤ የሚያባዙ ወይም በመከፈል ላይ ያሉ ሕዋሳትን ያጠቃሉ። የፀጉር ሥር ሕዋሳትም ዘወትር ስለሚከፈሉ አብረው ይጎዳሉ። ስለዚህ የታማሚው ፀጉር ሲረግፍ ቤተሰብ በሽታው የባሰ መስሎት ሊደነግጥ አይገባም፤ መድኃኒቱ በመከፈል ላይ ያለውን ሁሉ በማጥቃቱ የመጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሕክምናው ሲያበቃ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል።

እንግዲህ የሕዋስ ጤንነት የሚለካው በመከፈል ችሎታው ብቻ አይደለም፤ ሳይዘጋጅ ላለመከፈል በመታገሡም ጭምር ነው።